ከሥር ያለው ቀይ

እህቴ ማንኛውንም ሥዕል የምትጀምረው ቀይ በመቀባት ነው። ሸራው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ መጨረሻው ሰማያዊም ይሁን ግራጫ፣ መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ትለቀልቀዋለች። እስኪደርቅ ትጠብቅና ሌላውን ሁሉ በላዩ ትደራርባለች። ሥዕሉ ሲያልቅ ቀዩ የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ቀለሞች በሚገናኙበት ቦታ ብቻ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ይቀራል፤ አልፎ አልፎም ጥፍር የምታህል ነጠብጣብ ብቅ ትላለች።

"ለምን ነጩ ላይ አትጀምሪም?" ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ።

"ነጭ ላይ ያስቀመጥኩት ሁሉ ያምርብኛል" አለችኝ። "ሁሉም ካማረ የቱን ማመን እንዳለብኝ አላውቅም። ቀይ ላይ ግን ቀለሙ መሟገት አለበት። ተሟግቶ ከቆመ ይቆማል፤ ካልቆመ ፍቄ አነሣዋለሁ።"

እኔ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው። በእሷ ሥዕሎች ውስጥ ሰው፣ ዛፍ ወይም ቤት አግኝቼ አላውቅም፤ እሷም እንዳገኝ አትጠብቅም። ያስተማረችኝ ግን እሷ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ የሱቅ ሰሌዳ እየጻፈች ቤቱን ይዛው ቆየች፤ ሥዕሉን የምትሠራው ከዚያ በተረፋት ሰዓት ነበር። ኮሌጅ የገባሁት በ"ፀጉር ቤት" እና በ"ጎማ ጥገና" ነው እያልኩ ለጓደኞቼ እቀልድ ነበር። ቀልድ አልነበረም።

ሥራ እንደያዝኩ ያገለገለ ታብሌት ከነጭረቱ ገዝቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው፣ መሣያ ብዕሩን ያዘች፣ ከዚያም የመጀመሪያ ሥራዋ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ማድረግ ሆነ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ሸራ አይደለም። ከሥር ቀይ አያስፈልገውም።"

"አንተ የውስጥ ልብስ የምትለብሰው ለሰው ልታሳይ ነው?"

ከዚያ ወዲህ ስለ ቀዩ አላነሣሁባትም።

ቀስ በቀስ ታብሌቱን የራሷ አደረገችው። ሸራ ላይ እየሠራች መሐል ላይ ስትደርስ ፎቶ ታነሣዋለች፤ ፎቶውን ታብሌቱ ላይ ከፍታ ሦስት አራት መንገድ ትሞክራለች፤ አንዱን መርጣ ወደ ሸራው ትመለሳለች። "ሸራው ሳይሰማ እመካከርበታለሁ" ትላለች። አንድ ነገር ብቻ አልወደደችለትም፤ ስህተትን በአንድ ንክኪ የምታጠፋዋን ወደ ኋላ የምታመለክት ቀስት። ስለዚህ ለራሷ ሕግ አወጣች። ቀስቷን ከመንካቷ በፊት የተሳሳተችውን ነገር እያየች እስከ መቶ ትቆጥራለች። ብዙ ጊዜ ሰማንያ ላይ ስትደርስ ትተወዋለች፤ ስህተቱም ሥዕሉ ውስጥ ቦታ ያገኛል።

ፋይሎቹን የማስቀምጠው፣ ስም የምሰጣቸውና ወደሚፈለግበት የምልካቸው እኔ ነበርኩ። እሷ ፋይል አታውቅም፣ እኔ ሥዕል አላውቅም፤ በዚህ ተከባብረን እንኖር ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ የሠፈር አዳራሽ ውስጥ ከተሰቀሉት ሥዕሎቿ አንዱን አንዲት ነርስ አየችው። የኩላሊት እጥበት ክፍል ኃላፊ ናት፤ በሆስፒታሉ ሁሉም ሲስተር ይላታል። በዕድሜ ከእህቴ ጋር እኩያ ናት። በተዋወቅን በሁለተኛው ቀን "አንቱታውን ተወኝ፣ አሮጊት አታድርገኝ" ብላ እኔንም አስለምዳኛለች። ክፍሏ ወደ አዲስ ሕንፃ ሊዛወር ነበር። አዲሱ ክፍል ስምንት ወንበሮች አሉት፤ ስምንቱም ወደ አንድ ባዶ ግድግዳ የዞሩ ናቸው።

"ሕመምተኛው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት እዚያ ይቀመጣል" አለችን። "አስተዳደሩ ለግድግዳው ያዘጋጀው ነገር አለ። ትልቅ የኩላሊት ሥዕል፤ ከሥሩ 'ጨው ይቀንሱ' ይላል። እኔ ግን ኩላሊቱ የደከመበትን ሰው ኩላሊት እያሳየሁ አላስቀምጠውም። ክፍሉ ሥራ እስኪጀምር የተሻለ ነገር ካመጣሽ ግድግዳው ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ኩላሊቱ ይሰቀላል።"

ግድግዳው አራት ሜትር በሁለት ሜትር ነው። እህቴ እንደዚህ ያለ ግድግዳ አግኝታ አታውቅም። የምንኖርበት ክፍል ያን የሚያህል ሸራ ስለማያስገባ ሙሉውን ታብሌት ላይ ሠርታ በሸራ ጨርቅ ለማሳተም ወሰነች። ሁለት ወር ፈጀባት። አርባ ሦስት ሌየር ነበረው። ሌየር ማለት አንዱ በሌላው ላይ እንደተነባበረ መስታወት ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ መስታወት ላይ ይቀመጣል፣ ከመሐል አንዱን መዘዝ አድርገህ ብትጥለው ሌላው አይነካም። ከሁሉም ሥር፣ እንደ ልማዷ፣ ቀዩ ነበር።

ፋይሉ ከበደ። ሊያትምልን የተስማማው ባለማተሚያ ቀለል አድርጌ እንድልክለት ጠየቀኝ። እኔም አንድ ሐሙስ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ከመሥሪያ ቤቴ ሆኜ አርባ ሦስቱን ሌየሮች እንደ አንድ መስታወት አዋሐድኩና አስቀመጥኩት። በዚያው በድሮው ስም፣ በድሮው ፋይል ቦታ። ኮምፒውተሩም እንዳስተማርኩት በታማኝነት መጠባበቂያ ቅጂዎቹን ሁሉ በአዲሱ ተካቸው። በመሥሪያ ቤቴ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ለሠራተኞች ሥልጠና የምሰጠው እኔ ነኝ።

በማግስቱ፣ አዲሱ ክፍል ሥራ ሊጀምር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሥራ በኋላ ማተሚያ ቤቱ ተገናኘን። ባለማተሚያው ለናሙና አንድ ሜትር የሚያህል ቁራጭ አትሞ ግድግዳ ላይ ለጥፎልናል። ሲስተር ከነሥራ ልብሷ መጥታ ነበር። ቀረብ፣ ራቅ እያለች አየችው።

"በጣም ያምራል" አለች። "አንድ ነገር ብቻ። ይሄ ቀዩ።"

"የቱ?" አለች እህቴ።

"ይሄ በየጠርዙ ብቅ የሚለው። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ደሙ በቱቦ ወጥቶ በቱቦ ሲገባ ነው የሚያየው። ቀና ሲል ደግሞ እንደገና ቀይ እንዳያገኘው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ ሥዕል አላውቅም።"

እህቴ ትከራከራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ናሙናውን ትንሽ ካየች በኋላ ራሷን ነቀነቀች። "ልክ ነሽ። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አላየሁትም። ችግር የለም፣ ቀዩ ለብቻው ነው ያለው፤ ማውጣት ነው። ለወንድሜ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።" ወደ እኔ ዞረች። "አይደል?"

"እሺ" አልኩ፤ ናሙናውን ጠቅልዬ ያዝኩ።

ቅዳሜን ከጠዋት ጀምሮ ፈለግሁ። ታብሌቱን፣ ኮምፒውተሩን፣ ስልኬን፣ የተላኩ መልእክቶችን። እኩለ ቀን ላይ የማልፈልግበት ቦታ አለቀብኝ። እህቴ መስኮቱ አጠገብ ብሩሽ እያጠበች ነበር።

"እትዬ፣ ቀዩ አይወጣም።"

"ለምን?"

ነገርኳት። ሳልቆርጥ፣ ሳልቀንስ ነገርኳት። ብሩሹን አስቀመጠች፤ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

"ከአርባ ሦስቱ ስንት ቀረ?"

"አንድ።"

"በቀኝ በኩል ያለው፣ እንደ ጭጋግ የሳሳው ሰማያዊስ? እሱን ገና ከፍ ላደርገው ነበር።"

"እሱም ውስጥ ነው። አንድ ላይ።"

ታብሌቱን ተቀበለችኝና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንድትሰድበኝ እመኝ ነበር። ሥዕሉን አየችው፤ ከንፈሯ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ምን እያደረገች እንደሆነ የገባኝ ዘግይቼ ነው። እየቆጠረች ነበር።

መቶ ላይ ትድረስ አትድረስ አላውቅም። ተነሥታ ጫማዋን አጠለቀች። "ናሙናውን ያዝ። ሲስተር ዛሬ ተረኛ ናት፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ማየት አለብኝ።"

አሮጌው ክፍል ውስጥ ሲስተር ባዶ ወንበር ሰጠቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በእህቴ ጎን አንድ አዛውንት ከማሽኑ ጋር ተያይዘው ተቀምጠው ነበር። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ግራ እጃቸው ላይ መርፌውና ቱቦው አለ፣ በቀኝ እጃቸው ጋዜጣ ይዘዋል። እህቴ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድማ ተቀመጠች፤ እኔ ፊት ለፊቷ ናሙናውን ዘርግቼ ቆምኩ።

"ምንድን ነው የሚያሳይሽ?" አሉ ልብስ ሰፊው።

"ሥዕል ነው አባባ። ለአዲሱ ክፍል።"

"የምን ሥዕል?"

"የምንም አይደለም።"

"የምንም ላልሆነ ነገር ነው ልጁን እንዲህ የምታቆሚው?" ጋዜጣውን አስቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። "እስኪ አምጣው አንተ።"

አቀረብኩላቸው። ጨርቁን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል አሹት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ጠርዝ ጠርዙን ተከተሉ።

"ገበሩ ቀይ ነው" አሉ።

እህቴ ቀና አለች። "እንዴት አወቁ?"

"ይሄው ብቅ ብቅ ይላል። ሃምሳ ዓመት ኮት ሰፍቼ ገበር ሊጠፋኝ ነው?"

"አውጪው ተብያለሁ። ማውጣት አልቻልኩም።"

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እሷ ግን "አልቻልኩም" ነው ያለችው።

"ማን ነው ገበር አውጪ ያለሽ? ገበሩን ከነቀልሽው ኮቱ ይኮማተራል፤ ትከሻው ይወድቃል። ገበሩ ጫፉ ከወጣ ወደ ውስጥ መልሰሽ ትሰፊዋለሽ እንጂ ትነቅይዋለሽ እንዴ?"

"በምን ልስፋው?"

"እሱን እኔ ምን አውቃለሁ። ሙያው ያንቺ ነው።" ጋዜጣቸውን አነሡ። ትንሽ ቆይተው ከጋዜጣው ጀርባ "ያ ልጅ ግን ይቀመጥ፣ ፊቱ ከእኔ የባሰ ገርጥቷል" አሉ።

እህቴ ሁለት ሰዓት ያህል ወንበሩ ላይ ቆይታ ተነሣችና በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድን። እህቴ ፋይሉ እንዳለ በሙሉ መጠኑ እንዲታተም ፈለገች፤ ቀዩን በእጇ፣ በብሩሽ፣ በታተመው ሸራ ላይ ልትመልሰው ነው። ባለማተሚያው ወፍራም፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ለሚሰማው ነገር ሁሉ መጀመሪያ "በእኔ ኃላፊነት አይደለም" ይላል፤ ከዚያ ኃላፊነቱን ይወስዳል።

"ለምን ፋይሉ ላይ አታጠፉትም?" አለ። "ልጁ ኮምፒውተር ያውቃል አይደል?"

"በእጄ ልሠራው ፈለግሁ" አለች እህቴ።

"ቀለምሽ ቀለሜን ካላቀቀውስ?"

"ቁራጭ ላይ እንሞክረዋለን።"

"በእኔ ኃላፊነት አይደለም" አለና ቁራጭ ሊያመጣ ሄደ። መጀመሪያ ግልጽ ቫርኒሽ ረጨበት፤ ሲደርቅ እህቴ በውሃ የሚበጠበጥ፣ ሽታ የሌለው ቀለም በላዩ ቀባች። በእርጥብ ጨርቅ አሸው። አልተላቀቀም። "ነገ እሑድ ነው፣ ዘግቼ ነው የምውለው" አለ፤ አፍታ ቆይቶም "ቁልፉን በሦስት ሰዓት ኑና ውሰዱ።"

እሑድ ጠዋት አራት ሜትር ሸራ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ጠበቀን። እኔ የማውቀውን አደረግሁ። ከዳር እስከ ዳር ክር ወጥሬ ሸራውን በሠላሳ ሁለት ካሬ ከፋፈልኩት፤ በየካሬው ያለውን ቀይ ቆጠርኩ፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቦታ ነው። እህቴ ቁጥሩን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "ምሁር ወንድም መቼም ይጠቅማል።"

ከዚያ ሥራ ጀመረች። እስከዚያ ቀን እህቴን ስትሠራ አይቻለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ አላየኋትም። እያንዳንዷ ቀይ ላይ ስትደርስ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ቀለሞች ታያለች። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቀላቅላ፣ በውሃ አሳስታ፣ አንድ ጊዜ ታሳርፈዋለች፤ ቀዩ በሥሩ ይሞቅና ሌላ ነገር ይሆናል፤ ቡኒም አይደለም፣ ሐምራዊም አይደለም። ሁለት ጊዜ አትነካውም። ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱም እየቅል ነበሩ። እኔ በጉልበቴ እየዳህኩ መብራት እይዛለሁ፣ ውሃ እቀይራለሁ፣ የተሠራውን እመዘግባለሁ።

"እዚህ ቀስት የለም" አለች አንድ ጊዜ ለራሷ።

አሥራ ሰባተኛው ካሬ ላይ አላስቻለኝም። "እትዬ፣ በጣም ይቅርታ" አልኳት።

"ስንተኛው ላይ ነን?"

"አሥራ ሰባት።"

"አሥራ ሰባት ላይ ይቅርታ አትጠይቀኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጥብኛል። መብራቱን ዝቅ አድርግልኝ።"

በቀኝ በኩል ወዳለው ሰማያዊ ጭጋግ ስንደርስ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመች። ከፍ ልታደርገው ያሰበችውን ያህል ከፍ ማድረግ አይቻልም፤ ከሌላው ጋር አንድ ሆኗል። "ለእሱ አዝናለሁ" አለች፤ አለፈች። እኔም አዝኛለሁ። ስህተቴ በረከት ሆነ ብዬ ልጽፍ አልችልም። ያ ሰማያዊ ምን ይሆን እንደነበረ ማንም አያውቅም።

አሥር ሰዓት ገደማ ሲስተር መጣች። አራታችን፣ ባለማተሚያውም ጭምር፣ ሸራውን አንሥተን ከጣሪያው ዘንግ ላይ አንጠለጠልነው። ሲስተር ወንበር ጠየቀች። ወንበሩን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ እንደ ሕመምተኛ ጋደም ብላ ተቀመጠች። ግራ እጇን እንኳ መደገፊያው ላይ አሳረፈች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ቀዩ የት ሄደ?"

"ከሥር አለ" አለች እህቴ።

"አይታየኝም።"

"እንዲታይሽ አይደለም።"

ሲስተር ከወንበሩ ተነሣች። ባለማተሚያውን "ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት መኪና ታገኛለህ?" ብላ ጠየቀችው።

"በእኔ ኃላፊነት አይደለም" አለ።

ሰኞ በሁለት ሰዓት ከሩብ ሸራው ግድግዳው ላይ ነበር። የአስተዳደሩ ሰው ኩላሊቱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ መጣ፤ ሲስተር እጁን ይዛ ወደ ምግብ አዳራሹ ወሰደችው፣ እዚያ ጨው ስላለ። ስትመለስ በር ላይ አገኘኋት። እህቴ ገብታ ማየት አልፈለገችም፤ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አልኳት። "ቀዩን ማውጣት ያልተቻለው በእኔ ምክንያት ነው። ፋይሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እህቴ አልነገረችሽም።"

"ሐሳቤን ቀየርኩ ነው ያለችኝ።"

"አልቀየረችም።"

"አውቃለሁ" አለች። "ዓርብ ማተሚያ ቤቱ 'እሺ' ስትል ፊትህን አይቼዋለሁ። ነርስ እኮ ነኝ፤ ሰው 'ደህና ነኝ' ሲለኝ ነው የምውለው።"

"ታዲያ ለምን ኩላሊቱን አላሰቀልሽም?"

"እህትህ ቅዳሜ መጥታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስሠራ ሕመምተኛ ሳይሆን እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አላየሁም። የአስተዳደሩ ሰዎች እንኳ ቆመው ነው የሚጎበኙት።" ጓንቷን አጠለቀች። "አሁን ልግባ፣ አባባ ደርሰዋል።"

ልብስ ሰፊው ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በበሩ መስታወት አየኋቸው። መርፌው ሲገባ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ገለጡ። መጀመሪያ ቱቦውን አዩ። ከዚያ ቀና አሉ። ጋዜጣቸው ጭናቸው ላይ ነበር፤ አልከፈቱትም።

ወደ እህቴ ሄድኩ። እጆቿን ጉልበቶቿ መሐል አድርጋለች፤ ጥፍሮቿ ዙሪያ ያን ስም የሌለው ቀለም አለ።

"ተቀመጡ?"

"ተቀምጠዋል።"

"ምን አሉ?"

"ምንም አላሉም። እያዩ ነው።"

"የቱ ጋ?"

ተመልሼ ሄጄ አይቼ መጣሁ። "ከግራ ከታች ጀምረው አሁን መሐል አልደረሱም።"

"ጥሩ ነው" አለች። "ብዙ ሰዓት አላቸው።" ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። እሑድን ሙሉ ጉልበቷ ላይ እንደነበረች ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ሱሪዋ ጉልበቱ ጋ ነትቧል። የጻፈቻቸው ሰሌዳዎች፣ በመሰላል ላይ የቆመችባቸው ቀኖች፣ ለእኔ ስትል ለማንም ያልተናገረችው ስህተቴ አንድ ላይ ታወሱኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" አልኳት።

ምን ለማለት እንደፈለግሁ አልጠየቀችኝም። "ሥራ አልረፈደብህም?" አለች።

"አስፈቅጃለሁ።"

"እንግዲያው ተቀመጣ። ትንሽ ቆይተህ ደግሞ ታያቸዋለህ።"

ጠጋ አለችልኝ፤ ተቀመጥኩ።